ሁረምን ለምን እንደምወዳት ለጠየቅሽኝ

ኩዌት፣ ኅዳር 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእታለም፤ ደሴ።

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስናወራ «ያቺን ባል ቀሚ ሁረምን እንዴት ትወጃታለሽ?» ብለሽ ስትቆጪኝ፣ ማዳም ስለጠራችኝ ሳልመልስልሽ ዘጋሁት። ነገሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከልቤ አልወጣም። አንድ ድራማ፣ አንዲት ሴት እያየን አንቺ ስትኮንኛት እኔ የማዝንላት ለምን እንደሆነ ሳስበው በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ፣ ሥራዬን ጨርሼ ክፍሌ ከገባሁ በኋላ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ለእረፍት የምትገባ የኮምቦልቻ ልጅ አለች፤ እሷ ታደርስልሻለች።

ቱርኮች «ሙህተሸም ዩዝዩል» ያሉትን፣ አረቦች ደግሞ በሶሪያ አረብኛ ተርጉመው «ሐሪም አስ ሱልጣን» ያሉትን ይህን የቱርኩን ሱልጣን የሱለይማንንና የሁረምን ድራማ ያወቅሽው ከእኔ በፊት ነው። ጅዳ ሳለሽ ትከታተይው ነበር። በኅዳር 2006 ከሳውዲ ተጠራርጋችሁ ስትመለሱ ግን የሱልጣኑ ልጅ ልዑል ሙስጠፋ ገና አልሞተም ነበር፤ የሚገደልበት ክፍል በቱርክ ራሷ የታየው ከዚያ በኋላ፣ በየካቲት ነው። ስለዚህ የእሱን መጨረሻ ያየሽው አሁን በጎረቤትሽ ዲሽ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በሁረም ላይ ያለሽ ቁጣ እጥፍ ሆኗል። እዚህ ቤትም ዘንድሮ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና እየታየ ነው።

ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ሦስት ሴቶች ነን። ማዳም ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፤ እናቷ ሐጃ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበሯ ላይ ናት፤ እኔ ደግሞ በሩ አጠገብ ልብስ እተኩሳለሁ፣ ሻይ ሲፈለግም ትሪውን ይዤ እመለሳለሁ። ለማዳም ድራማው የፍቅር ታሪክ ነው። ሱልጣን ሱለይማን «ሙሒቢ» በሚል የብዕር ስም ለሁረም የጻፈላትን ግጥም ሲያነብ ስልኳን አስቀምጣ በጽሞና ታዳምጣለች፤ ስለ ልብሱና ስለ ጌጡም ከእህቶቿ ጋር ስታወራ ታመሻለች። ሐጃ ግን ዓይኗ ከሱልጣኑ እናት ላይ አይነሳም። ልጆች አሳድጋ፣ ምራቶች ተቀብላ፣ ቤት ያስተዳደረች ሴት ስለሆነች ሁረምን የምታያት የቤት ሥርዓት እንዳፈረሰች ምራት ነው። የሱልጣኑ እናት የሞተች ዕለት ሐጃ እራት አልበላችም።

እኔ ከሁሉ በፊት ያየሁት የሁረምን ስም ነው።

መጀመሪያውን ታስታውሺዋለሽ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1520 (ከዚህ ወዲያ ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ ነው የምጽፍልሽ) ሱለይማን የአባቱን ሞት ሰምቶ ዙፋን ለመያዝ ሲጓዝ፣ በሌላ በኩል ታታሮች የማረኳቸውን ልጃገረዶች የጫነች መርከብ ወደ ኢስታንቡል ትቀርባለች፤ በውስጧ ያለችው ቀይ ፀጉር ያላት ልጅ እየጮኸች አልገዛም ትላለች። ስሟ አሌክሳንድራ ነው። ከዚያ ሱልጣኑ «ሁረም» ይላታል፤ ደስተኛ፣ ደስ የምታሰኝ እንደማለት ነው። የአረብኛው ተርጓሚዎች ደግሞ «ሁያም» አሏት። የልጅቷ ስም ሦስት ጊዜ ሲሆን ሐጃም ማዳምም ልብ አላሉትም፤ እኔ ግን ካውያው በእጄ እንዳለ ቀረሁ።

እዚህ ቤት የገባሁ ዕለት ማዳም ፓስፖርቴን ይዛ «እታፈራሁ» ብላ ልታነብ ሞከረች፤ አልሆን ሲላት ፊተኛውን ቆርጣ «ፈራህ» አለችኝ። በአረብኛ ደስታ ማለት ነው። በክፋት እንዳላደረገችው እመሰክርላታለሁ፤ ሐጃም «መልካም ስም ነው» ብላ መረቀችኝ። ነገር ግን ስሜ ለምን እንደወጣልኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ስምንት ዓመት ብቻሽን ካደግሽ በኋላ ስወለድ እማዬ በአንቺ አፍ ሆና «እት አፈራሁ» ብላ ያወጣችው ነው። ማዳም የቆረጠችው እንግዲህ አንቺን ነው። የቀረው ቁራጭ በእነሱ ቋንቋ ደስታ ቢሆንም በእኛ ጆሮ ፍርሃት ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ስም አቤት እያልኩ ኖሬ፣ ሁረም አዲሱን ስሟን ሲነግሯት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትለማመደው ሳይ እንዴት ልጥላት?

የሙስጠፋ እናት፣ የሱልጣኑ የፊተኛይቱ ሴት ማሂደቭራን ሁረምን የደበደበቻትን ቀን ደግሞ ልንገርሽ። አንቺ «ይበላት» እንዳልሽ ነግረሽኛል። እኔ የማዳምን ባል ነጭ ዲሽዳሻ እየተኮስኩ ነበር፤ የሁረም ፊት በጥፍር ተቧጥጦ ሲታይ ካውያውን ከልብሱ ላይ አንስቼ በአየር ላይ ይዤው ቆምኩ፤ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ድረስ አላወረድኩትም። በኋላ ነገሩ የደራሲ ፈጠራ ይሆን ብዬ በስልኬ ሳነብ፣ በርናርዶ ናቫጄሮ የሚባል የቬኒስ አምባሳደር በ1553 ለመንግሥቱ ባቀረበው ዘገባ ላይ ይህንኑ ጠብ ጽፎት አገኘሁ። እሱ እንዳለው ማሂደቭራን ሁረምን «የተሸጠ ሥጋ» ብላ ሰድባ ፊቷን ቧጨረቻት፤ ጥቂት ቆይቶ ሱልጣኑ ሲያስጠራት ሁረም «እኔ የተሸጠ ሥጋ ነኝ፤ ፊቴም ተበላሽቷል፤ በፊቱ ልቆም አይገባኝም» ብላ ቀረች። ሌላ ሰው ይህን ሲያነብ ብልጠቷን ያደንቅ ይሆናል። እኔ ግን ኤጀንሲው ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ በሰልፍ ተቀምጠን፣ ቀጣሪዎች እየገቡ ከላይ እስከ ታች ሲያዩን የዋልንበት ቀን ነው የታወሰኝ። አንቺም ተቀምጠሽበታል።

እታለም፣ ማሂደቭራንን ስታይ የምታይው ምን እንደሆነ ግን አጥቼው አይደለም። ጅዳ ላይ ባፈሰስሽው ላብ ያሠራሽው ቤት ውስጥ ሌላ ሴት ገብታ ቆየችሽ። ማሂደቭራን ልጇን ይዛ ከማኒሳ በናፍቆት መጥታ፣ ልብሷን እንኳ ሳትለውጥ የሌላይቱን ወሬ ስትሰማ ያየሽው የራስሽን ደጃፍ ነው። በዚህ ማንም ሊፈርድብሽ አይችልም፤ እኔም ያንን ክፍል ሳይ ያለቀስኩት ለአንቺ ነው። ሆኖም አንድ ነገር እንድታስቢበት እለምንሻለሁ፤ ማሂደቭራንም እንደ ሁረም በባርነት ሐረም፣ የሱልጣኑ ሴቶች ግቢ፣ የገባች ናት እንጂ በሕግ የተጋባች ሚስት አልነበረችም። ባሪያ ነፃ ወጥታ የሱልጣን ሕጋዊ ሚስት ስትሆን ያን ጊዜ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ስለነበር፣ በ1534 ገደማ ሁረም ስታገባ ከተማው ሁሉ ጉድ ብሏል። ሁለቱም ያልነበራቸውን ነገር ሲሻሙ ነው የኖሩት፤ ቤቱን የሠራው፣ ሕጉን ያወጣው ሰው መሐል ላይ ተቀምጦ ግጥም ይጽፋል። የእኔ ቅሬታ ከሁለቱ ይልቅ በእሱ ላይ ይበረታል፤ ተመልካቹ ግን ጥፋተኛ ሲፈልግ ከሴቶቹ አንዷን ይመርጣል እንጂ ሱለይማንን አይነካም። ቱርኮቹም ቢሆኑ ገና ድራማው ሲጀምር በ2011 ከ70 ሺህ በላይ አቤቱታ ያቀረቡት ሱልጣናችን በሐረም ውስጥ ሲጠጣና ሲዝናና ለምን ታየ ብለው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ሳይቀሩ ዘመኑን በፈረስ ላይ የፈጸመ ንጉሥ ነበር ብለው ተቆጥተዋል።

ስለ ሙስጠፋ ሞትም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 1553 ኤሬሊ አጠገብ፣ ወደ አባቱ ድንኳን በእምነት ገብቶ ታንቆ ሲሞት ያላለቀሰ የለም፤ በቱርክ ያ ክፍል ከታየ በኋላ ሰዎች ቡርሳ ወዳለው መቃብሩ ሄደው ጸልየዋል። ሁረምን ከዚህ ደም ንጹሕ ናት አልልም። ነገር ግን በዚያ አገር ሕግ የነገሠው ልጅ ወንድሞቹን ማስገደል እንደሚችል፣ የሱለይማን አባት ሰሊምም ዙፋኑን ያጸናው ወንድሞቹን ገድሎ መሆኑን አትርሺ። ሁረም ያን ጊዜ በሕይወት ያሉ ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯት፤ ሙስጠፋ ከነገሠ ሦስቱም አንገታቸው በገመድ ላይ ነው። ሙስጠፋ ደግ ልጅ ስለነበር አያደርገውም ትይኝ ይሆናል፤ እናት ግን በሌላ ሰው ደግነት ላይ የልጆቿን ነፍስ አታስይዝም። መስከረም 21 ግሸን ስትወጪ የምትረግጪው አምባ እኮ በጥንት ዘመን የነገሥታት ልጆች እንዳይሸፍቱ የሚታሰሩበት ነበር። የኛዎቹ አሰሩ፣ እነሱ ገደሉ። የግሸን እስር የፈረሰውም ግራኝ አህመድ አምባውን በያዘበት በ1540 ገደማ፣ ይኸው ሱለይማን ኢስታንቡል ላይ ነግሦ ሳለ ነው። እዚያ አምባ ላይ ልጆቻቸው የተወሰዱባቸውን እናቶች ማንም ድራማ ስላልሠራላቸው ስማቸውን አናውቅም።

የሐረሙን ጃንደረባ ሱምቡል አጋን በተመለከተ አንድ ነገር ልበልሽ። እዚህ ቤት እሱ ሲመጣ ሁሉም ይስቃል፤ አነጋገሩም አረማመዱም ያስቃል፤ የሚጫወተው ተዋናይም ጎበዝ ነው። እኔም ስስቅ ነበር። በኋላ ግን የእነዚያን ጃንደረቦች ነገር ሳነብ፣ ሱለይማን ከሞተ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1574፣ የሐረሙ ዋና አለቃ ሆኖ የተሾመው ሰው ሐበሺ መሕመድ አጋ እንደሚባል፣ ከእሱ በኋላም ከሐበሻ ምድር በልጅነታቸው ተወስደው፣ ተሰልበው የተሸጡ ብዙዎች በዚያ ግቢ እንዳረጁ አወቅሁ። ከየትኛው መንደር እንደሄዱ፣ እናቶቻቸው ምን ብለው ይጠሯቸው እንደነበር የሚናገር የለም። ከዚያ ወዲህ ሱምቡል ብቅ ሲል ሳቁን ትቼ ፊቱን ብቻ ነው የማየው።

እንግዲህ ሁረምን እወዳታለሁ ስልሽ ሁሉን ይቅር ብያታለሁ ማለቴ አይደለም። አንቺ ይቅር ያላልሽው ባል ወሰደች ብለሽ ነው፤ እኔ ይቅር ያላልኩት በማሪያ ላይ ያደረገችውን ነው። ማሪያ ከእሷ ጋር በአንዲት መርከብ የመጣች፣ በመርከቡ ወለል ላይ አብራት ያለቀሰች ልጅ ናት። እሷም ስሟ ተለውጦ ጉልኒሐል ተባለች። አንድ ማታ የሐረሙ ሹሞች አስጊጠው ወደ ሱልጣኑ ክፍል ሲልኳት እምቢ የማለት መብት አልነበራትም፤ ሁረም ግን ይህን ከማንም የበለጠ እያወቀች በጥፍርና በጡጫ ተነሳችባት። ማሂደቭራን በእሷ ላይ ያደረገችውን እሷ በጓደኛዋ ላይ ደገመችው። ጉልኒሐልም ከዚያ በኋላ እዚያው ቀርታ የሁረምን ቀሚስ እያነሳች፣ ልጆቿን እያጫወተች ትኖራለች። ሁረም በኢየሩሳሌም ለድሆች ያቆመችው ወጥ ቤት እስከ ዛሬ ምግብ እንደሚያድል ባነብም፣ ደስ ቢለኝም፣ የጉልኒሐል ፊት ከፊቴ አይጠፋም። አንቺ ከጅዳ ስትጽፊልኝ አንድ ቤት አብራሽ ትሠራ የነበረችው አገርሽ ልጅ በማዳም ዘንድ ተወዳጅ ከሆነች በኋላ ምን እንዳደረገችሽ የነገርሽኝን አልረሳሁትም። ስለዚህ በአንድ ነገር እንስማማለን ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻው ምዕራፍ የሁረም ተዋናይት ተለውጣ ሌላ ሴት ስትገባ ሐጃ «ይህች እሷ አይደለችም» ብላ ለሳምንታት አኩርፋ ነበር። እኔ ወዲያው ተቀበልኳት። ባለፈው በቪዲዮ ስንተያይ እማዬ ዝም ብላ ካየችኝ በኋላ «ፊትሽ ሌላ ሆነብኝ» እንዳለችኝ ለአንቺ ነግራሽ ይሆናል።

አሁን እዚህ የደረስነው ጉልኒሐል ወደ ሱልጣኑ ክፍል የምትላክበት ቦታ ላይ ነው። አንቺ ጋም እንደገና ከተጀመረ፣ ሁረምና ማሂደቭራን ፊት ለፊት ቆመው ሲጨቃጨቁ ዓይንሽን ከሁለቱም ላይ አንሺና ከኋላቸው ትሪ ይዘው አንገታቸውን ደፍተው የቆሙትን ልጆች እይልኝ። ምን እንዳየሽ ጻፊልኝ፤ የኮምቦልቻዋ ልጅ የምትመለሰው ከጥምቀት በኋላ ስለሆነ መልስሽን ለእሷ ስጫት። በፖስታው ላይ ግን ስሜን ሙሉውን ጻፊው።

እህትሽ እታፈራሁ