ደብዳቤ ለልጄ፦ ካርታህ ላይ ጣና ደርቋል

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የዘነበውን፣ የተነነውንና ወንዝ የሆነውን እያቀናነስክ የሠራኸውን የዓለም የውሃ ሚዛን ካርታ እህትህ ላፕቶፗ ላይ ከፈተችልኝ። ቀለሙ ያምራል። ወደ ባህር ዳር አስጠግቼ ሳየው ግን የጥር ወር ላይ ጣና ደርቋል! በሳቅ ሞትኩ። በስልክ ልነግርህ አሰብኩና ኔትወርኩን ታውቀዋለህ፣ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ፕሮግራምህ ምድርን በኬክሮስና በኬንትሮስ በየግማሽ ዲግሪው ቆራርጧታል። በእኛ አካባቢ አንዱ ቁራጭ 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል። የጣና ስፋትም ያንኑ ያህል ነው፣ ግን ሐይቁ አንድ ቁራጭ ላይ ልክክ ብሎ አልተቀመጠም፤ ከጎረቤት መሬት ጋር ተደባልቆ ተከፋፍሏል። ፕሮግራሙ ደግሞ በየቁራጩ 150 ሚሊሜትር ውሃ የሚይዝ አንድ ባልዲ አፈር አለ ብሎ ነው የሚያስበው። ዝናብ ይሞላዋል፣ ትነት ያጎድለዋል፣ ሞልቶ የተረፈው ወንዝ ይሆናል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባልዲው እየጎደለ ሄዶ በበጋ ያልቃል። ሐይቅ እንዲህ አይደለም። ጣና ዓመቱን ሙሉ ይተናል፣ በዓመት ከ1,500 እስከ 1,700 ሚሊሜትር ድረስ። በላዩ የሚዘንበው ከዚያ ያንሳል። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ባይገቡበት ኖሮ ይህኔ የት በነበረ! የሐይቁን ድርሻ ከየቁራጩ የመሬት ስሌት አውጣና ለብቻው አስላው።

ባልዲውን መናቄ ግን አይደለም። የአየር ንብረት ተመራማሪው ማናቤ በ1969 እ.ኤ.አ. ሞዴሉ ውስጥ ያስገባው ይህንኑ 15 ሴንቲሜትር ነው፤ ሰውየው በ2021 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልሟል። ለዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር መያዝ ለመጀመሪያ ሥራ ያስኬዳል። ነገር ግን የፎገራን ዋልካ አፈርና የተዳፋቱን ስስ አፈር በአንድ ባልዲ መስፈር አይሆንም። ቁጥሩን 100 አድርገው፣ ከዚያ 250 አድርገው፣ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚለወጥ እይ። ብዙ ከተለወጠ ካርታው የሚናገረው ስለ ዝናብ ሳይሆን ስለ ባልዲው ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ደስ ብሎኛል፤ በዓመት ድምር ሳይሆን በወር በወር ነው ያሰላኸው። ባህር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊሜትር አካባቢ ይዘንባል። ፀሐይና ነፋስ ሊወስዱት የሚችሉት ውሃ ደግሞ በዓመት ከዚያ አያንስም። ሁለቱን የዓመት ድምር ብታቀናንስ ትርፍ ውሃ የለም፣ አባይም መፍሰስ የለበትም! ሐምሌ ላይ ብቻ ግን 400 ሚሊሜትር አካባቢ ይወርዳል፤ በዚያ ወር ሊተን የሚችለው የዚያን ሩብ ቢሆን ነው። ዝናቡ በጥቂት ወር ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ነው ወንዝ ያለን። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ ሰማዩ ቢለመንም አይሰጥም።

አሁን ወደምጨነቅበት ልግባ፦ ትነቱ። ዝናብን እንለካለን፣ ወንዝን እንለካለን። ከአፈር የሚተነውንና ከቅጠል የሚወጣውን ግን በሰፊ መሬት ላይ ማንም በቀጥታ አይለካም። ማማ ላይ በተሰቀለ መሣሪያ የሚለካባቸው ቦታዎች አሉ፣ ግን ዓለምን አይሸፍኑም። ሳተላይትም ቢሆን ትነትን አያይም፤ ሙቀትና አረንጓዴነት አይቶ ያሰላል እንጂ። ከሚዛኑ ትልቁ ወጪ ደግሞ እሱ ነው! በየብስ ላይ በዓመት ከ110 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪዩቢክ ኪሎሜትር ይዘንባል ይባላል። ወደ ባህር የሚሄደው 40 ሺህ አካባቢ ነው። የቀረው ወደ ሰማይ ተመልሷል።

አንተ ትነቱን ለመገመት የቶርንትዌይትን ቀመር ተጠቅመሃል። የወር ሙቀትና የቀን ርዝመት ብቻ ስለሚጠይቅ ለዓለም ካርታ ይመቻል። ግን የእኛን ደጋ አስብ። ሙቀቱ ከወር ወር ብዙ አይለዋወጥም። የካቲትና መጋቢት ላይ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው፣ ነፋሱም አለ። ቀመሩ ይህን አያይም፣ ስለዚህ ትነቱን ያሳንሰዋል። ፔንማን የራሱን የትነት ቀመር ያወጣው የቶርንትዌይት በወጣበት በዚያው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው፤ የፀሐይ ጨረርን፣ ነፋስንና የአየር እርጥበትንም ይጠይቃል። መረጃ ባለበት ሁሉ በእሱ አስላና ልዩነቱን በካርታ አውጣው። እኔን ብትጠይቀኝ ከዋናው ካርታ ይልቅ ያኛውን ነው ማየት የምፈልገው።

ማመሳከሪያ ከፈለግህ አባይ አለልህ። እስከ ሱዳን ድንበር ተፋሰሱ 176 ሺህ ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ነው። ድንበሩ ላይ በአማካይ በዓመት 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አካባቢ ያልፋል። አካፍለው፣ 280 ሚሊሜትር ገደማ ይወጣል። ዝናቡን 1,400 ብትል ወንዝ የሚሆነው አንድ አምስተኛው ነው። ያንተ ቁራጮች ተደምረው ግማሹን ወንዝ ካደረጉት አንድ ቦታ ተሳስቷል። ለሕዳሴ ግድብ ዘመን ግን የፍሰቱን መዝገብ እንዲሁ አትውሰድ፤ ግድቡ የያዘውንና የለቀቀውን መቁጠር አለብህ። በመሬት ውስጥ የሚጠራቀመውን ለማየት የምድርን ስበት ለውጥ እየለኩ ከ2002 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የሠሩት የሁለቱ የግሬስ ሳተላይቶች መረጃ ይረዳሃል። የአባይ ተፋሰስ ስፋቱ እንደምንም ይበቃቸዋል። ለጣና ብቻ ግን አይሞከርም፣ አይታያቸውም።

ስለ ዝናቡ መረጃም ልንገርህ፣ እናትህ ዕድሜዋን የፈጀችበት ነገር ነው። ዝናብ የምንለካው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። የትናንት ማታው ዶፍ ስለዚህ የሚመዘገበው ዛሬ ነው፤ የሳተላይት ቀን ግን በግሪንዊች ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ይጀምራል። በቀን በቀን ካነጻጸርካቸው ይጣሉብሃል፣ በወር ግን ይታረቃሉ። ሌላው፣ ጣቢያዎቻችን የሚበዙት ከተማ ውስጥና መንገድ ዳር ነው። ተራራው አናት ላይ የሚለካ የለም። ብዙ ጣቢያ ደግሞ በ1983 ዓ.ም. አካባቢ መዝገቡ ይቋረጣል። ኮምፒውተሩ ያን ባዶ በጎረቤት ጣቢያ ሞልቶ ነው የሚያቀርብልህ፣ አንተ ደግሞ ተለክቶ የመጣ ይመስልሃል። በየቁራጩ ስንት እውነተኛ ጣቢያ እንዳለ የሚያሳይ ፋይል ከመረጃው ጋር ይኖራል፣ እሱን ክፈት።

ስታስተካክለው ካርታውን ተወውና የወሩን ሰንጠረዥ በኤክሴል ላክልኝ። ባህር ዳርን፣ ጎንደርንና ደብረ ማርቆስን ለይተህ አውጣልኝ፤ እነሱን እኔ አያቸዋለሁ። አባትህ ሰላም ብሎሃል፣ ብርዱ እንዴት ነው ይላል።

እናትህ