የጤና ክበባችን ዓመትና የጓንቱ ካርቶን

የጤና ክበብ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሰልፍ ላይ ስለ እጅ መታጠብ መናገር ብቻ ነው። እሱንም ሠርተናል። በየሳምንቱ ረቡዕ ተሰብስበናል፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ ቀርበናል፣ ግቢ አጽድተናል። ይኼን ልለፈው።

ሚያዝያ ላይ 18 ልጆች ይዤ እዚሁ ደሴ ወዳለ ሆስፒታል ሄድን። የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሙ ራጅ ወደ መስኮቱ አንስተው በባጃጅ አደጋ የተሰበረ መንጋጋ አሳዩን። አጥንቱ የሚታሰርበትን ብሎን ልጆቹ መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት፣ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ፊት ሲሰበር በጣም ስለሚያብጥ እብጠቱን፣ ከማደንዘዣ በኋላ የሚመጣውንም ትውከት ለመቀነስ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ፣ ማለትም የሰውነትን የማበጥ ምላሽ የሚያበርድ መድኃኒት፣ ይሰጣል አሉን።

አንዷ የ10ኛ ክፍል ልጃችን እጇን አወጣች። ወንድሟ አምና ጉንጩ ተሰብሮ ነበር። «ዶክተር፣ እብጠት የመዳን መጀመሪያ ነው ብለን ተምረናል። እሱን ካጠፋችሁት ቁስሉ በምን ይድናል?»

ሐኪሙ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ባዶ የጓንት ካርቶን ቀደው ጀርባው ላይ ቁስል ሳሉላት። ስቴሮይድ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቁስሉ እንዳይጎርፉ ይገታል፣ ቁስሉን የሚያያይዘውን ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን የሚሠሩትንም ሴሎች ያዳክማል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቁስል ለመዳን ይዘገያል፣ በቀላሉም ይመረቅዛል። ለአንድ ሁለት ቀን ብቻ ሲሆን ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ ግን አፍ ውስጥ፣ ምራቅና ባክቴሪያ ባለበት የተሰፋ ቁስል ላይ አጭሩም ቢሆን መዳኑን ሊያስተጓጉል እንደሚችል ያሳዩ ጥናቶች ስላሉ ለሁሉም በጅምላ አይሰጥም፣ ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ስኳሩን ከፍ ስለሚያደርግ ሁለቴ ይታሰብበታል። ይኼን ሁሉ ለአንዲት ተማሪ፣ ወረፋ የያዘ ሰው በር ላይ ቆሞ!

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ «ቲቸር፣ ይሄ ሰፈር ውስጥ ለመወፈር የሚውጡት ዴክሳ አይደለም እንዴ?» አለችኝ ያችው ልጅ። ራሱ ነው። በሳምንቱ ሚኒ ሚዲያ ላይ እሷው አቀረበችው፤ ከዚያ ወዲህ ልጆች ከቤት የፊት ማቅያ ቅባት እያመጡ «ይሄስ ስቴሮይድ አለው?» ይሉኛል።

ያልተሳካም አለ። የማይክሮስኮፑ አምፖል ከተቃጠለ ወራት አለፉ። የታክሲውን ሒሳብ መምህራን ከኪሳችን ነው የከፈልነው፣ ሁለተኛው ጉብኝትም በዚሁ ቀረ። ክበብ ጊዜ ያባክናል ለሚሉ፣ ከነዚህ 18 ልጆች ውጤቱ የወረደ አንድም የለም። ለመስከረም የምንፈልገው አምፖልና የሁለት ጉዞ ትራንስፖርት ነው።

የጓንቱ ካርቶን ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ወላጆች፣ ካርድ ልትወስዱ ስትመጡ ጎራ በሉና እዩት፤ እሷው ታስረዳችኋለች።