በተሰረቀ የዴቢት ካርድ ቁጥር ስለተወሰደ ገንዘብና ያለአግባብ ውድቅ ስለተደረገ ማመልከቻ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ኤፕሪል 2 ቀን 2025

ለባንኩ የደንበኞች ቅሬታ ሰሚ ክፍል

ጉዳዩ፦ 1,526.99 ዶላር እና ያስከተላቸው ቅጣቶች እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

እኛ በሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ነዋሪዎች የባንክ፣ የኪራይና የኢንሹራንስ ወረቀት በማንበብና በመሙላት በበጎ ፈቃድ የምናግዝ ሰዎች ነን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው የሒሳብና የማመልከቻ ቁጥራቸው በአባሪ 1 በሰፈረው ደንበኛችሁ የጽሑፍ ውክልና ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ አብሮ ተያይዟል። አማርኛው የተዘጋጀው ደንበኛችሁ በስማቸው የሚባለውን ሁሉ ራሳቸው አንብበው እንዲፈርሙበት ነው።

ዓርብ ፌብሩዋሪ 28 ደሞዛቸው ሲገባ በቼኪንግ ሒሳባቸው 1,910 ዶላር ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ደንበኛችሁ ስሙን እንኳ ሰምተውት የማያውቁት የኢንተርኔት ነጋዴ 1 ዶላር አስከፈለ። በማግስቱ ቅዳሜ ሌሊት 389፣ 412.60፣ 298.15፣ 240 እና 156.25 ዶላር በአምስት ግዢዎች ተከታትሎ ወጣ። የስድስቱ ድምር 1,497 ዶላር ነው። ካርዱ ከደንበኛችሁ ቦርሳ አልወጣም። በአንዱም ግዢ ቺፕ አልተነበበም፣ የሚስጥር ቁጥርም አልገባም። ሌባው እጅ የገባው በካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው።

የ1 ዶላሯን ክፍያ ለይተን የምናነሣት በምክንያት ነው። የተሰረቁ ቁጥሮችን የሚገዙ ሰዎች ካርዱ እንደሚሠራ የሚያጣሩት ማንም ልብ በማይለው ትንሽ ሒሳብ ነው፤ ካለፈላቸው በሰዓታት ውስጥ ትልቁን ያወጣሉ። አዲስ ነጋዴ፣ 1 ዶላር፣ ከዚያ በሌሊት የተደራረቡ አምስት ግዢዎች፦ የባንካችሁ የማጭበርበር መከታተያ ሊያስቆመው የሚገባ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ማመልከቻውን የዘጋው ደብዳቤያችሁ ግን ይህችን ክፍያ ጨርሶ አልጠቀሳትም።

ደንበኛችሁ እሑድ ማርች 2 ጠዋት ደውለው አመለከቱ። ካርዱ ተዘጋ፣ የማመልከቻ ቁጥርም ተሰጣቸው። ማክሰኞ ማርች 4 የተፈረመውን ቅጽ ለቅርንጫፋችሁ አስረከቡ፤ ቀን የተመታበት ቅጂ በአባሪ 2 ይገኛል። በስልኩ የተነገራቸው ግን ሦስት ነገር ነው። የፖሊስ ሪፖርት ካልመጣ ምርመራው አይጀመርም፤ መጀመሪያ ነጋዴዎቹን ራስዎ ያነጋግሩ፤ ጉዳዩ እስከ 90 ቀን ሊወስድ ስለሚችል ይጠብቁ። ሦስቱም ሕጉ ከሚለው ጋር ይጋጫሉ።

የ1978ቱ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር ሕግና ማስፈጸሚያው ሬጉሌሽን ኢ ምርመራውን የሚያስጀምረው የደንበኛው ማመልከቻ መሆኑን ይደነግጋሉ፤ ማመልከቻው በቃልም ቢሆን በቂ ነው። ባንኩ ቢበዛ ሊጠይቅ የሚችለው የቃሉ ማመልከቻ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲረጋገጥለት ነው፤ ይህም በሁለተኛው ቀን ተፈጽሟል። የፖሊስ ሪፖርት ለምርመራው ቢያግዝ እሰየው፣ ቅድመ ሁኔታ ግን ሊሆን አይችልም። ነጋዴውን ማነጋገርም እንደዚሁ። እንዲያውም የተሰረቀ ቁጥር የተጠቀመ ሰው ባለበት ደንበኛውን ወደ ነጋዴው መላክ ተጨማሪ የግል መረጃ ማስወሰድ ነው፤ ነጋዴው "ማንነትዎን ለማረጋገጥ" ብሎ አድራሻና የልደት ቀን ይጠይቃልና።

የ90 ቀኑ ጉዳይ በጣም የሚያሳስበን ነው፣ ምክንያቱም ይህንኑ አባባል ከብዙ ሰው አፍ ሰምተነዋል። ሬጉሌሽን ኢ በክፍል 1005.11 ለባንኩ የሰጠው መደበኛ ጊዜ 10 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገው እስከ 45 ቀን፣ በዴቢት ካርድ ለተፈጸመ ግዢ ደግሞ እስከ 90 ቀን መመርመር ይችላል። ይህን ተጨማሪ ጊዜ የሚያገኘው ግን የተወሰደውን ገንዘብ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በጊዜያዊነት ለደንበኛው ሒሳብ ከመለሰ ብቻ ነው። 90 ቀኑ ባንኩ የሚመረምርበት እንጂ ደንበኛው ያለገንዘቡ የሚቀመጥበት ጊዜ አይደለም። በዚህ ጉዳይ አሥረኛው የሥራ ቀን ዓርብ ማርች 14 ነበር። ያን ቀን ምርመራው አላለቀም፣ አንድ ሳንቲምም አልተመለሰም።

አሁን ሒሳቡ እንዴት እንደተናጋ እንመልከት። ከስርቆቱ በኋላ የቀረው 413 ዶላር ነው። ሰኞ ማርች 3 የቤት ኪራዩ 1,450 ዶላር በኦቶ ፔይ (በየወሩ በራሱ በሚወጣ ክፍያ) መጥቶ ሒሳቡ ስለማይበቃ ተመለሰ፤ ባንካችሁ 35 ዶላር ቀጣ። ማክሰኞ የመኪና ኢንሹራንስ 148 ዶላር ወጣ። ረቡዕ የአከራዩ ሲስተም ያንኑ ኪራይ ደግሞ ሲልከው እንደገና ተመለሰ፤ ባንካችሁም እንደገና 35 ዶላር ወሰደ። ሐሙስ የስልክ 95 ዶላር ሲከፈል 100 ዶላር ቀረ። ዓርብ ማርች 7 የመብራት 126 ዶላር መጣ፤ ባንኩ ከፍሎት የ35 ዶላር የኦቨርድራፍት (በሒሳቡ ካለው በላይ የመክፈል) ቅጣት ጣለበት። ሒሳቡ ከዜሮ በታች 61 ዶላር ወረደ።

ለአንድ ኪራይ ሁለት ጊዜ መቅጣት በራሱ ተገቢ አይደለም። ደንበኛችሁ የሰጡት የክፍያ ትእዛዝ አንድ ነው፤ አከራዩ ስንት ጊዜ ደግሞ እንደሚልከው የሚያውቁበትም ሆነ የሚያስቆሙበት መንገድ የላቸውም። ባንኮችን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኤፍዲአይሲም በ2022 ባወጣው መመሪያ ባንኮች በአንድ ክፍያ ላይ ቅጣት መደራረባቸው ሸማቹን እንደሚጎዳ አስጠንቅቋል።

ማርች 14 ደሞዝ 1,180 ዶላር ሲገባ 61ዱ ተቀንሶ 1,119 ቀረ። ኪራዩ ደግሞ በዚያን ጊዜ 1,557.50 ዶላር ደርሶ ነበር፤ አከራዩ በሜሪላንድ ሕግ ጣሪያ የሆነውን የ5 በመቶ የመዘግየት ቅጣት 72.50 እና ለተመለሰው ክፍያ 35 ዶላር ጨምሮበታል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ሒሳቡን እንድትሠሩት እንለምናለን። ባንካችሁ ሕጉ ባዘዘው ቀን 1,497 ዶላሩን መልሶ ቢሆን ኖሮ በሒሳቡ 2,616 ዶላር ይኖር ነበር፤ ኪራዩም በዚያው ዕለት ተከፍሎ ያልቅ ነበር። አልተመለሰምና ማርች 17 ከአከራዩ ክስ ከመመሥረቱ በፊት የሚሰጠው የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ መጣ። ክሱ የቀረው የእቁብ አባሎቻቸው ተረባርበው ስላበደሯቸው ነው። የማርች 3ቱ ችግር የሌባው ሥራ ነው እንላለን፤ ከማርች 14 በኋላ ያለው ግን የባንኩ ነው።

ምርመራው ተጠናቀቀ የሚለው ደብዳቤያችሁ የተጻፈው ማርች 26 ነው። ምክንያቱም አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ግዢዎቹ በትክክለኛ የካርድ ቁጥር፣ የማብቂያ ቀን፣ ከጀርባ ባለው ባለ 3 አኃዝ ቁጥርና በሚዛመድ አድራሻ ስለተፈጸሙ የተፈቀዱ ናቸው ይላል። ይህ የስርቆቱ መግለጫ እንጂ ስርቆት ያለመኖሩ ማስረጃ አይደለም። በኢንተርኔት መደብር መክፈያ ገጽ ላይ የተደበቀ ኮድ ደንበኛው የሚጽፈውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ባለ 3 አኃዙም፣ አድራሻውም አብሮ ይሄዳል። የአድራሻ ማጣሪያው ደግሞ የሚያመሳክረው የቤት ቁጥሩንና የዚፕ ኮዱን አኃዞች ነው፤ የሚጽፋቸው ማን እንደሆነ አያይም። ትክክለኛ ቁጥር መግባቱ የሚያሳየው ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው እንደነበረ ብቻ ነው።

ስለዚህ መታየት የነበረበት ሌላ ነገር ነው። ዕቃው የተላከው ወደ የትኛው አድራሻ ነው? ትእዛዙ የተሰጠው ከየትኛው የአይፒ አድራሻና መሣሪያ ነው? ነጋዴው የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ኮድ ጠይቆ ነበር? ከጠየቀስ ኮዱ ወደ የትኛው ስልክ ሄደ? ደብዳቤው ስለነዚህ ምንም አይልም። ግብይቱ በደንበኛው ፈቃድ መፈጸሙን የማስረዳት ሸክም ደግሞ በሕጉ የተጣለው በባንኩ ላይ ነው።

የማጭበርበር ክፍል ሠራተኛው ማርች 20 በስልክ "የመንገድ ክፍያ አልከፈሉም የሚል የጽሑፍ መልእክት ደርሶዎት ካርድዎን አስገብተው ከሆነ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው" ማለቱንም መዝግበናል። ደንበኛችሁ እንዲህ ያለ መልእክት አልመለሱም። ቢመልሱ እንኳ አባባሉ ስህተት ነው። ሰውን አታሎ ቁጥሩን የተቀበለ ሌባ በዚያ ቁጥር የሚያወጣው ገንዘብ ያልተፈቀደ ነው፤ የደንበኛው ቸልተኝነትም ተጠያቂነቱን ከሕጉ በላይ አያሳድገውም። ካርዱ ሳይጠፋ ቁጥሩ ብቻ ሲሰረቅ፣ ስቴትመንቱ በተላከ በ60 ቀን ውስጥ እስከተመለከተ ድረስ፣ የደንበኛው ድርሻ ዜሮ ነው። የ50 እና የ500 ዶላር ገደቦቹ የሚሠሩት ካርዱ ራሱ ለጠፋ ወይም ለተሰረቀ ነው። ቁጥሩ ከየት እንደወጣ ደንበኛችሁ አያውቁም፤ ማወቅም አይጠበቅባቸውም።

ሌላም አለ። አዲሱ ካርድ ማርች 11 ደረሰ፤ ቁጥሩ ተለውጧል፣ ለማንም አልተሰጠም። ማርች 17 ግን በአዲሱ ካርድ 29.99 ዶላር የወርሃዊ አባልነት ክፍያ ወጣ። አስከፋዩ በፌብሩዋሪ 28 1 ዶላሯን የወሰደው ያው ነጋዴ ነው። በማግስቱ ሲያመለክቱ የተሰጣቸው መልስ "አዲሱን ቁጥር ካልሰጡት ሊያስከፍል አይችልም" የሚል ነው። ይህን የተናገረ ሠራተኛ የራሱን ባንክ አሠራር አያውቅም። ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ ካርድ ሲተካ አዲሱን ቁጥር በየጊዜው ለሚያስከፍሉ ነጋዴዎች የሚያቀብል የማደሻ አገልግሎት አላቸው፤ አዲሱን ቁጥር ወደዚያ የሚልከውም ካርዱን ያወጣው ባንክ ነው። ካርዱ በጊዜው ስላበቃ ሲተካ ይህ ጥሩ ነው፤ የስልክና የኢንሹራንስ ክፍያ አይቋረጥም። በማጭበርበር ምክንያት ሲተካ ግን አዲሱን ቁልፍ ለሌባው ማድረስ ይሆናል። ካርዱን የዘጋው ሠራተኛ ደንበኛዋን ከማደሻው ማስወጣት፣ በነጋዴዎችና በስልክ ዋሌቶች የተቀመጡትን የአሮጌው ካርድ ቶክኖች (በካርዱ ቁጥር ምትክ የሚቀመጡ ኮዶች) ማስሰረዝ፣ የ1 ዶላሩንም ነጋዴ ማገድ ነበረበት። አንዱም አልተደረገም። የዚህኛው ማመልከቻ 10 የሥራ ቀንም ትናንት ኤፕሪል 1 አልቋል።

ስለዚህ 1,497 እና 29.99፣ በድምሩ 1,526.99 ዶላር፣ እንዲመለስ እንጠይቃለን። በባንኩ የተወሰዱት ሦስት ቅጣቶች፣ 105 ዶላር፣ ስህተቱ ያስከተላቸው ስለሆኑ ከእርማቱ ጋር መመለስ አለባቸው። የአከራዩን 107.50 ዶላር በተመለከተ ሬጉሌሽን ኢ በስም የሚያስመልሰው የባንኩን የራሱን ቅጣት እንደሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን ኪራዩ ከማርች 14 በኋላ ሳይከፈል የቀረው በባንኩ መዘግየት ስለሆነ ይህንንም እንድትሸፍኑ እንጠይቃለን። ጠቅላላው 1,739.49 ዶላር ይሆናል። ከገንዘቡ ባልተናነሰ የሚያስፈልገው ደግሞ ለአከራዩ የሚሰጥ በባንኩ ራስጌ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ክፍያው የተመለሰው በካርድ ስርቆት እንጂ በተከራይዋ ጥፋት እንዳልሆነ የሚገልጽ። ደንበኛችሁ ውላቸውን ሲያድሱ ወይም ሌላ ቤት ሲፈልጉ ያ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል።

ውሳኔ የሰጣችሁባቸውን ሰነዶች በሙሉ ቅጂ እንድትልኩም በዚህ ደብዳቤ እንጠይቃለን፤ ሕጉ ይህን መብት ለደንበኛው ሰጥቷል። የስድስቱንና የማርች 17ቱን ክፍያዎች የማጽደቂያ መዝገብ፣ የአድራሻና የባለ 3 አኃዙን ማጣሪያ ውጤት፣ ከነጋዴዎቹ የመጣውን የመላኪያ አድራሻ፣ የማርች 2፣ የማርች 18 እና የማርች 20 የስልክ ቅጂዎችን ይጨምራል። ከነጋዴዎቹ ምንም ካልተጠየቀ ያንኑ በጽሑፍ አረጋግጡልን።

መልሳችሁን እስከ ረቡዕ ኤፕሪል 16 እንጠብቃለን። እስከዚያ ካልተፈታ ጉዳዩን ከነአባሪዎቹ ለሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እናቀርባለን፤ ደንበኛችሁም በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት እስከ 5,000 ዶላር በሚያየው የትናንሽ ክሶች ችሎት ክስ ይመሠርታሉ። በ10 ቀን ውስጥ ጊዜያዊ ተመላሽ ያላደረገና በቅን ልቦና ያልመረመረ ባንክ እስከ ሦስት እጥፍ ካሣ ሊፈረድበት እንደሚችል የሕግ ክፍላችሁ ያውቃል። የሚቀጥለው የኪራይ ክፍያ ነገ ሐሙስ ከዚሁ ሒሳብ ይወጣል፤ እስከዚያው ቢያንስ የተመላሽና የኦቨርድራፍት ቅጣት በሒሳቡ ላይ እንዳይጣል ዛሬውኑ እንድታዝዙ እናሳስባለን።

ከአክብሮት ጋር

የደንበኛዋ ፊርማ፦ ____________

የተወካዮች ፊርማ፦ ____________

አባሪ፦ የውክልና ደብዳቤ፣ የተፈረመው የማመልከቻ ቅጽ፣ የፌብሩዋሪና የማርች ስቴትመንት፣ የማርች 26 የባንኩ ደብዳቤ፣ የአከራዩ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ

ግልባጭ፦ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ