ለሰይዶ፣ ከደሴ

ሰይዶ፣ እንዴት ከርመሃል? ቤተሰብ ደህና? እዚህ ሁሉ አማን ነው፤ ብርዱም እንደምታውቀው ነው። በመጠፋፋታችን ስንገናኝ እንወቃቀሳለን። ዛሬ ወሬ አለኝ።

ባቲ የፀሐይ ፓኔል ስትገጥም ጀርባውን ነካ አድርገህ እጅህን ቶሎ መለስክና «ይሄ ሁሉ ሙቀት መብራት ቢሆን ኖሮ!» ያልከኝ ትዝ ይልሃል? ለማስተርስ የማነበው ነገር እዚያው ላይ ጣለኝ።

ፓኔሉ የተሠራበት ሲሊኮን ከአንድ የብርሃን ቅንጣት፣ ከፎቶን፣ የሚጠቀመው 1.1 ኤሌክትሮንቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ ፎቶን ከ2 በላይ ይዞ ይመጣል። ትርፉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እንደ ፔንታሲን ያሉ ኦርጋኒክ ቀለሞች ግን የአንዱን ፎቶን ጉልበት ከጎረቤት ሞለኪውል ጋር ለሁለት ይካፈሉታል። ሲንግሌት ፊዥን ይሉታል። መቶ ብር በሁለት ሃምሳ እንደ መዘርዘር ነው፤ ብሩ አልጨመረም፣ ግን ለሁለት ሰው ይደርሳል። ባለ አንድ ንብርብር የፀሐይ ሴል ብርሃንን ወደ መብራት የመቀየር ጣሪያው 33 በመቶ ገደማ ነው። ሃናና ኖዚክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ሲያሰሉት ግን በዚህ መንገድ ወደ 45 በመቶ ሊጠጋ እንደሚችል አሳይተዋል።

እኔን የያዘኝ ቀለሙ ፈሳሽ ውስጥ ሲሟሟ የሚሆነው ነው። በጠጣር ፔንታሲን ጎረቤት ሁሌም አጠገብ ስላለ ክፍፍሉ ከ100 ፌምቶሰከንድ (የሰከንድ እጅግ ኢምንት ክፋይ) ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በፈሳሽ ውስጥ ሳስቶ ሲበተን ግን ሞለኪውሎቹ እስኪገናኙ መንከራተት አለባቸው። ስለዚህ ሁለቱን በኬሚካል ድልድይ ያስሯቸዋል። ያኔ አሟሚው፣ ማለትም ፈሳሹ፣ ጣልቃ ይገባል። ፖላር ከሆነ፣ ማለትም የፈሳሹ ሞለኪውል አንድ ጫፉ ወደ ፕላስ ሌላው ወደ ማይነስ ካደላ፣ ከታሰሩት ሁለቱ አንዱ ፕላስ ሌላው ማይነስ የሚሆኑበትን ሁኔታ ያረጋጋል። ይህ በመጠኑ ሲሆን ለክፍፍሉ መሸጋገሪያ ይሆናል። ከልክ ካለፈ ጉልበቱ እዚያው ይታሰራል፣ ክፍፍሉም ይቀራል። አንዳንዱ ሞለኪውል ፖላርነቱ አነስተኛ በሆነው ቶሉይን ውስጥ ያሳየውን ጠባይ ይበልጥ ፖላር በሆነው ቤንዞናይትራይል ውስጥ አያሳይም።

ሞለኪውሎቹ ዝም ብለውም አይቀመጡም። ይንቀጠቀጣሉ፣ በድልድያቸው ላይ ይጠማዘዛሉ። አንዷ ዙር ትስስራቸውን ታጠብቀዋለች ወይ ታላላዋለች። ትሪፕሌት የሚባሉት ሁለቱ ክፋዮች እንዲለያዩም ይሄው እንቅስቃሴ ያግዛል፤ ሳይለያዩ ከቆዩ መልሰው ይጠፋፋሉ። ፈሳሹ ዝልግልግ ከሆነ ደግሞ መጠማዘዙ ይዘገያል። መጽሐፍ ላይ ሞለኪውል ሁሌ ደርቆ ይሳላል፤ ወላሂ አሁን ሳየው ያናድደኛል።

ለገበያህ ገና ነው። ቴትራሲን የሚባለውን የፔንታሲን ዘመድ ሲሊኮን ላይ ቀብተው የሞከሩ አሉ፣ ግን እነዚህ ቀለሞች አየርና ብርሃን ላይ ቶሎ ይበላሻሉ። ደንበኛ ስለ አዲሱ ከጠየቀህ «አብሽር» በለውና ያለህን ሽጥለት። እሁድ ኮምቦልቻ ልወርድ ነው፤ የማትኖር ከሆነ ቀድመህ ደውል።