ትግስትዬ፣ አንድ ነገር ዋሽቻለሁ

ትግስትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? አውቃለሁ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ስድቡን አዘጋጅተሽ እንደምትጠብቂኝም አውቃለሁ። የልጆቹን ፎቶ ስትልኪልኝ አይቼ ነገ እመልሳለሁ አልኩ። ነገ እያልኩ ሲቆይ ደግሞ አፈርኩ። በቃ ይቅር በይኝ፣ ሌላ ጉድ አለብኝ።

እኔ ያው ቻይና፣ ጓንግዡ ነኝ። ለመርካቶ ልብስ እገዛለሁ፣ ካርጎ አሳድዳለሁ፣ ሩዝ ሰልችቶኛል።

አሁን ስሚኝ። ጎረቤቶቼ ከሁናን ክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። አባት ሹፌር፣ እናት ልብስ ሰፊ። ልጃቸው 14 ዓመቱ ነው። እነሱ እዚህ ሲለፉ እሱ አገር ቤት ሴት አያቱ ጋ ነው ያደገው። ወላጆቹን የሚያየው በዓመት አንዴ፣ ለፀደይ በዓል፣ ለአዲስ ዓመታቸው ነበር። እዚህ አገር እንዲህ ያለው ልጅ በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። ዓምና አያቱም ልጁም ተጠቃለው መጡ። አባቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ስንት አመጣህ?"

በፈረንጆቹ 2021 የወጣ ደንብ አለ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በኢንተርኔት ጌም የሚጫወተው ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ቀን ብቻ ነው። ያውም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት። ጌሙ ከጠረጠረ "ፊትህን አሳየኝ" ይላል።

አንድ ማክሰኞ ማታ ጨው ልበደር ብዬ ብገባ፣ አያቱ ሶፋ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ስልኩን ፊት ለፊት ይዘው ዓይናቸውን ያርገበግባሉ። ልክ ጉርድ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው! ለካ የልጁ ጌም የተመዘገበው በሳቸው መታወቂያ ነው። "ጓይ ልጅ ነው፣ ትንሽ ይጫወት" አሉኝ። ጓይ ታዛዥ፣ ጨዋ እንደማለት ነው። ሳቅኩና ጨዬን ይዤ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት አባትየው ደረሰበት። አያቱ ፍርጥም ብለው "እኔ ነኝ የምጫወተው" አሉ። 70 ዓመታቸው ነው፣ ማንበብ አይችሉም! ልጁ ዝም። አባትየው ወደኔ ዞሮ "አንቺ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"ኧረ በፍጹም!" አልኩት።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ያ አስተያየቱ ነው።

በሁለተኛው ቀን ልጁ ራሱ ለአባቱ ተናገረ። ያስለቀሰው ጌሙ አይደለም፣ "ናይናይን አዋረድኳት" ብሎ ነው፤ አያቴን ማለቱ ነው። ይህን እናቱ ደረጃ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ፤ እዚህም ገመና ደጅ አይወጣም። አባትየው አልመታውም፣ አልተቆጣውም። ማታ ፖም ልጦ፣ ቆራርጦ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። እዚህ አገር ስንቱ አባት ይቅርታ ማለት ሞት መስሎ ይታየዋል መሰለሽ! ፍሬ ቆርጦ ያቀርባል።

አያቱ ግን ግራ ገብቷቸዋል። "የኮንግ ሮንግን ታሪክ አስተምሬዋለሁ እኮ" ይላሉ። ኮንግ ሮንግ በድሮ ታሪካቸው የ4 ዓመት ልጅ ሆኖ ትልልቁን ፒር የሚባል ፍሬ ለወንድሞቹ ትቶ ትንሹን የወሰደው ነው። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ትንሹን እየበሉ ነው ልጁን ያሳደጉት። ጥፋቱን ሊናገር ሲነሳ ያ ታይቶት ይሆን? እንጃ።

እንግዲህ ውሸታም ሆኜ የቀረሁት እኔ ነኝ። አባትየውን ልንገረው ወይስ ዝም ልበል? አንቺ ሁለት ጎረምሳ ታሳድጊያለሽ፣ ታውቂበታለሽ። ደግሞም... የእትዬን ሬዲዮ ታስታውሻለሽ አይደል? እስከዛሬ የሚያሙት አንቺን ነው። አመሰግናለሁ ብዬሽ አውቃለሁ? አላልኩም መሰለኝ።

ልጁ ድሮ "አዪ" ብሎ ይጠራኝ ነበር፣ አክስት እንደማለት። ዛሬ ደረጃ ላይ ተገናኘን። ራሱን ነቅንቆልኝ ወረደ።

ቶሎ ጻፊልኝ። ስድቡን አስቀድሚና ምክሩን አስከትይ።

ያንቺው ሮማን