ደብዳቤ ለልጄ፦ ያን ቅባት አትቀቢያት

አስኮ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ፍልሰታንም በሰላም ፈታን። የምጽፍልሽ የስልክ ካርድ አልቆብኝ አይደለም። ስልክ ላይ «እሺ እማዬ» ትዪና ያሰብሽውን ታደርጊያለሽ። ወንድምሽ ይህን ሲሰጥሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አክስትሽ እሑድ ከናንተ ስትመለስ እዚህ ጎራ ብላ ነበር። የሚጣ መቀመጫ ተልጧል፣ ዳይፐሩ ሲፈታ እግሯን ሰብስባ ታለቅሳለች፣ ጎረቤትሽ የሰጠችሽን ቅባት ጠዋት ማታ ትለቀልቂያታለሽ፣ ሠራተኛሽንም «ቶሎ አትቀይርላትም» ብለሽ ልታሰናብቻት ነው አለችኝ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ፤ ታውቂያት የለ።

ቅባቱን አትቀቢያት። አክስትሽ ማሸጊያውን በስልኳ አንስታው መጥታ አነበብኩት፤ ቤታሜታዞን ይላል፤ ስቴሮይድ የሚሉት ጠንካራ መድኃኒት ነው። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል 22 ዓመት የተቀመጠ ሰው ሐኪም ባይሆንም ብዙ ይሰማል። ቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋው ሰው ይወደዋል፤ ግን የሕፃን ቆዳ ያሳሳል፣ ዳይፐር ሲያፍነው ደግሞ ወደ ሰውነቷ ይገባል። ፈንገስ ከሆነ ደብቆ ያባብሰዋል። ባለፈው ወር ለጆሮዋ አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ወስዳ ተቅማጥ ይዟት አልነበር? ከዚያ በኋላ ፈንገስ መከተሉ ብርቅ አይደለም። ብሽሽቷን ገልጠሽ እዪ። የዳይፐር ተራ መላላጥ አብዛኛውን ጊዜ መታጠፊያውን ይተዋል። መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ከቀላ፣ ዙሪያውንም ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣብ ካለው ፈንገስ ሳይሆን አይቀርም፤ መድኃኒቱ ሌላ ነው። አፏም ውስጥ ነጭ ነገር እንዳለ እዪ።

ስለ ሠራተኛሽ ደግሞ ልንገርሽ። አልበሙ ላይ አንቺን አዝላ ግማሽ ፊቷ የተቆረጠችውን ልጅ ማናት ስትዪኝ «የጎረቤት ልጅ ናት» ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሽ ነው፤ ሞግዚትሽ ነበረች። 1985 ክረምት ላይ አንቺም እንደ ሚጣ አሥር ወርሽ ነበር፤ መቀመጫሽም እንዲሁ ተላጠ። ያኔ እኛ ቤት ዳይፐር የት አለ? ከአንሶላና ከአባትሽ ሸሚዝ የተቀደደ ጨርቅ፣ ከላዩ የላስቲክ ፓንት። ውሃ ከቦኖ በጄሪካን ተገዝቶ ነው የሚመጣው። ጨርቁን በሳሙናና በበረኪና እጠቢ፣ አንዴ ብቻ አለቅልቂ፣ ውሃ አትጨርሺ ያልኳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን «እትዬ፣ ጨርቁ እኮ ያሟልጫል» አለችኝ። ደግሞ ልታስተምሪኝ ነው ብዬ ጮህኩባት። በሳምንቱ የ19 ቀን ደመወዟን ቆጥሬ ሰጠኋትና ሸኘኋት። ዝናብ ነበር። ልብሷን በፌስታል ይዛ ከበሩ ላይ ዞራ አንቺን አየችሽ፤ እኔን አላየችኝም።

አንቺ ግን አልዳንሽም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማልቀስ ሆነ። አንድ ቀን ታጥቦ ገመድ ላይ የተሰጣውን ጨርቅ ዝናብ መታውና ልጨምቀው ስል አረፋ ወጣው። ታጥቦ የተሰጣው ጨርቅ! በረኪናውም ይሸታል። ለካ በየቀኑ ሳሙና ነበር የምናስርብሽ። ውሃ ሳልቆጥብ ሁለት ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ስጀምር ቅላቱ በአራተኛው ቀን በረደልሽ። ልጅቷን ፍለጋ ደላላው ቤት ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። ፊቷን የቆረጠው ፎቶ አንሺው ነው፤ እኔ አይደለሁም፤ ይህንን እንኳን እመኚኝ።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ቅባቱን አትቀቢያት።

ለሚጣ በቀን ስንት ዳይፐር ነው የምትተዪላት? አክስትሽ ሦስት ብላኛለች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጥተሽ ማታ 1 ሰዓት ትገቢያለሽ፤ ሦስት ዳይፐር ለ13 ሰዓት! ዋጋው እንደሚያቃጥል አውቃለሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ የምትከፍዪውንም ትራንስፖርት አውቃለሁ። ግን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ነው የሚቀየረው፤ ካካ ካለች ደግሞ ወዲያው። ሽንትና ሰገራ ሲገናኙ ነው ቆዳ የሚበሉት። ምግብ ከጀመረችም ሰገራዋ የድሮው አይደለም። ዳይፐሩ ካነሰ ቀን ቀን ጨርቅ እሰሩላት፤ የላስቲክ ፓንት ግን አይደረብበት።

በለብ ያለ ውሃ ትጠብ። አራተኛ ፎቅ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ አልረሳሁም፤ አንድ ጄሪካን ለሷ ብቻ ይቀመጥ። ሽቶ ያለውን ዋይፕስ ተዪው። በጨርቅ ቸብ ቸብ አድርጎ ማድረቅ እንጂ መፈግፈግ የለም። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ያለ ምንም ትተኛ፤ ፍራሹን ብታርሰው ይታጠባል። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ነጭ ቅባት ወፈር አድርገሽ ቀቢያት፤ በሚቀጥለው ጊዜ የቆሸሸውን ብቻ አንሺ፣ ሁሉንም ልፋቅ አትበዪ። ፓውደር ወደ ሳንባዋ ይገባል፣ አልፈልግም። የአባትሽ እህት ለጋ ቅቤ ቀቢያት ብትልሽም እሺ በዪና ቅቤውን ለገንፎ አስቀምጪው።

በሦስት ቀን ካልተሻላት፣ ወይም ትኩሳት፣ መግል፣ ውሃ የቋጠረ ነገር ካየሽ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ፈንገስ የመሰለሽ እንደሆነ ሦስት ቀንም አትጠብቂ፤ ናይስታቲን ወይም ክሎትሪማዞል እነሱ ይዘዙላት፣ ከፋርማሲ በግምት አትግዢ። ያን ቅባትም ይዘሽ ሄደሽ ስንት ቀን እንደቀባሻት ንገሪያቸው፤ አትፈሪ፣ አይቆጡሽም። ቢቆጡሽም ቻዪው።

በፌስታሉ ያለው ያረጀው ነጠላዬ ነው፤ ቆራርጬ አጥቤዋለሁ፣ ሦስቴ ነው ያለቀለቅኩት። ለሚጣ መጥረጊያ ይሁን። ቡኒው ሹራብ ግን ላንቺ አይደለም፤ ለሠራተኛሽ ነው። እዚያ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል አሉ። ስሟን ለወንድምሽ ንገሪው፤ አክስትሽን ብጠይቃት አላውቅም አለችኝ።

እናትሽ