መጋዘኑ አጠገብ ማን ነበር? የኮሚክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በሥዕል የሚነገሩ ታሪኮችን የምናነብበትና የምንሠራበት የኮሚክ ክበብ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። ጥቅምት ላይ ስንጀምር 31 ነበርን። ሰኔ ላይ 26 ቀረን። ከወጡት አምስት ልጆች ሦስቱ የወጡት ወላጆቻቸው «ሥዕል ማየት ትምህርት አይደለም» ስላሉ ነው። ወላጆችን አከብራለሁ። ግን ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ምን ሲሠሩ እንደቆዩ ይህን አንብበው ይፍረዱ።

የዓመቱ ርዕሳችን አንድ ብቻ ነበር፤ ከጀግናው ጎን የሚቆመው ልጅ። የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። እኔ ባትማንን ራሱን ይዘን እንድንጀምር አስቤ ነበር። «ቲቸር፣ እሱንማ ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለ ሮቢን እንወቅ» አሉኝ። ልክ ነበሩ።

መጀመሪያ የተከራከርነው በስሙ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ገጸ ባሕርይ በአማርኛ ማን እንበለው? አንዱ «ረዳት» አለ። የታክሲ ረዳት መሰለ ተብሎ ወደቀ። «አጋር» የስብሰባ ቃል ነው ተባለ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ጋሻ ጃግሬ» ሲል ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ጋሻ ጃግሬ ድሮ የጌታውን ጋሻ ተሸክሞ የሚከተል ነው። ካፒቴን አሜሪካ ደግሞ ጋሻ ይዞ የሚዋጋ ጀግና ነው። ቃሉ ልክክ አለ። ወዲያው አንዷ እጇን አወጣች። «ዛሬ ጋሻ ጃግሬ ስድብ ነው። አጎብዳጅ ማለት ነው። ሮቢን አጎብዳጅ ነው?» አለች። መልስ ስላላገኘን ጥያቄውን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፈን አቆየነው። እስከ ሚያዝያ ድረስ እዚያው ነበር።

ኅዳርና ታኅሣሥ በንባብ አለፉ። (በዚህ ዘገባ ውስጥ ያሉት የኮሚክ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ባትማን በ1939 ሲወጣ ብቻውን ነበር። ደራሲው ቢል ፊንገር ተቸገረ። ጀግናው የሚያናግረው ሰው ስለሌለው ሁሉን ነገር በሐሳቡ ብቻ ያወራል። መርማሪው ሼርሎክ ሆምስ የሚያናግረው ጓደኛ፣ ዋትሰን አለው፤ ባትማንስ? በኤፕሪል 1940 ሮቢን መጣ። ዲክ ግሬሰን ይባላል፤ ከአባቱና ከእናቱ ጋር በሰርከስ ገመድ ላይ የሚዘል ልጅ ነው። ወንጀለኞች ወላጆቹን ገደሉበት። ባትማን ወስዶ አሳደገው። በሻማ ብርሃን ቃል ሲገባቡ የሚያሳየውን ሥዕል ያነበብነው መብራት በጠፋበት ረቡዕ ነው። ልጆቹ የስልካቸውን መብራት ይዘው ዙሪያውን ቆሙ። ያን ቀን ማንም ወደ ቤቱ ለመሄድ አልቸኮለም።

ሮቢንን ከፈጠሩት አንዱ ጄሪ ሮቢንሰን ነው። በሠዓሊው ቦብ ኬን ረዳትነት ሲቀጠር 17 ዓመቱ ነበር። የእኛ የ11ኛ ክፍል ልጆች እኩያ ማለት ነው። ቢል ፊንገር ደግሞ ባትማንን አብሮ ፈጥሮ ስሙ ሳይጻፍለት በ1974 ሞተ። በይፋ ስሙ የተጻፈለት በ2015 ነው። ይህን ስነግራቸው ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። በቀጣዩ ሳምንት ልጆቹ የራሳቸውን ሥራዎች ሰብስበው፣ በእርሳስ የነደፈውን፣ በቀለም ያደመቀውን፣ ጽሑፉን የጻፈውን፣ ማስመሪያና ላጲስ ያቀበለውን ሳይቀር ስም እየጠየቁ ጀርባው ላይ ጻፉ። እኔ አላዘዝኳቸውም።

የካፒቴን አሜሪካውን በኪንም አየን። በማርች 1941 በመጀመሪያው እትም ላይ፣ ጀግናው ድንኳን ውስጥ ልብሱን ሲቀይር ድንገት ገብቶ ምስጢሩን ያወቀ ልጅ ነው። በ1964 ሞቷል ተባለ፤ በ2005 ተመለሰ፤ በ2008 ጋሻውን ራሱ አነሳ። በ1969 የመጣው ጥቁሩ ጀግና ሳም ዊልሰንም በ2014 ያንኑ ጋሻ ተረከበ። «እንግዲህ ጋሻ ጃግሬው ጋሻውን ወረሰ!» ብሎ የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ተነስቶ ቆመ። ደስታው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ባሕር ማዶ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪያችን በ1988 የወጣውን የሁለተኛውን ሮቢን የሞት ታሪክ ላከልን። አንድ ቅጂ ነው። ለ26 ልጅ አንድ መጽሐፍ። ጠረጴዛ ገጥመን፣ መሐል አስቀምጠን፣ እኔ እየተረጎምኩ አነበብን። የድብደባውን ገጾች ለትንንሾቹ አላሳየሁም፤ ወላጆች ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

በዲክ ግሬሰን ቦታ የተተካው ሁለተኛው ሮቢን ጄሰን ቶድ ነው። ቁጡ ልጅ ነው። አንባቢ ብዙም አልወደደውም። አዘጋጁ ዴኒስ ኦኒል ፍርዱን ለአንባቢ ሰጠ። ሁለት የስልክ ቁጥር ወጣ። አንዱ ይኑር፣ ሌላው ይሙት። አንድ ጥሪ ግማሽ ዶላር። መስመሩ ክፍት የነበረው ለ36 ሰዓት ነው። ሠዓሊው ጂም አፓሮ ለሁለቱም ውጤት የሚሆን ገጽ አስቀድሞ ስሎ ነበር።

ውጤቱን ከመንገሬ በፊት እኛም ድምፅ ሰጠን። ወረቀት አጥፈን የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ጨመርን። 19 ይኑር፣ 7 ይሙት። ከዚያ እውነተኛውን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ይሙት 5,343። ይኑር 5,271። ልዩነቱን ያሰላችው አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ናት። «72» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «የሁለት ክፍል ተማሪ እንኳ አይሞላም» አለች።

ይህች ልጅ ጥቅምት ላይ ስትመጣ አትናገርም ነበር። ጓደኛዋን አጅባ ነው የመጣችው። ጓደኛዋ ሰፈር ቀይራ ከትምህርት ቤቱ ስትለቅ እሷም ትቀራለች ብዬ ነበር። አልቀረችም።

ከዚያ ታሪኩን ቀጠልን። ጄሰን የወለደችውን እናቱን እየፈለገ ነው። ሊባኖስ ሄደ፤ አጣት። በመጨረሻ የተገኘችው የት ነው? ኢትዮጵያ። በረሃብ ጊዜ በእርዳታ ጣቢያ የምትሠራ ሆና። የባትማን ዋና ጠላት ጆከርም እዚያው መጣ። ሮቢን የሞተው በእኛ አገር፣ መጋዘን ውስጥ፣ ፈንጂው ሲፈነዳ እናቱን በሰውነቱ ከልሎ ነው።

ክፍሉ ምን እንደሆነ መግለጽ ያቅተኛል። «እኛ ጋ?» «እዚህ?» መጽሐፉን ተሻሙበት። ገጾቹን አገላብጠው የራሳቸውን ሰው ፈለጉ። ያገኙት ፀሐይ የመታው ሜዳ፣ ድንኳንና የተራበ ሕዝብ ነው። እኛ ባነበብነው ውስጥ ስም ያለው ኢትዮጵያዊ አላየንም። የ7ኛ ክፍሏ ልጅ መጋዘኑ ያለበትን ገጽ በጣቷ ነክታ ጠየቀችኝ።

«ቲቸር፣ መጋዘኑ አጠገብ ማንም ሰው አልነበረም?»

መልስ አልነበረኝም። 18 ዓመት አስተምሬያለሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ጥያቄ ብዙ አልገጠመኝም።

ያን ቀን ስንወጣ ከበሩ ጥበቃ ሠራተኛችን ጋር ቆመን ነገርነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት የምትሳለሙት ጋሼ ነው። መጽሐፉን ተቀብሎ የድንኳኖቹን ሥዕል ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ፣ «እኔ ቆቦ አጠገብ ነው የተወለድኩት። በ77 ኮረም ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለን። ከዚህ በፊት ማናችንም አናውቅም ነበር።

በቀጣዩ ረቡዕ ክፍላችን ጋብዘነው መጣ። ኮቱን ለብሶ ነው የመጣው። ተማሪዎቹ ወንበር ሲስቡለት «እናንተ ተቀመጡ» ብሎ ቆሞ ነው የነገራቸው። በዚያ ጊዜ ዳፍንት ይዞት ነበር። ቀን ያያል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ዓይኑ ይጨልማል። ዳፍንት በምግብ እጥረት እንደሚመጣ የባዮሎጂ መምህራችን በኋላ አስረድተውናል። የእህል ሰልፍ የሚያዘው ገና ሳይነጋ ነው። በዕድሜ ከእሱ ትንሽ የሚበልጥ የጎረቤት ልጅ ነበር። ማታ ማታ የዱላውን አንድ ጫፍ ያስይዘዋል፤ ሌላውን ራሱ ይዞ ይመራዋል። «ድንጋይ አለ» ይለዋል። «ሰው ተኝቷል፣ ዝለል» ይለዋል። ሰልፍ ላይ ተራውን ይጠብቅለታል። ብስኩት ሲሰጠው ገምሶ ትልቁን ግማሽ ለእሱ ያቀብላል።

«እኔ ግን አይታየኝም ነበርና ትልቁ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ካደግን በኋላ ነው፤ እሱ አልነገረኝም። እናቱ ናት የነገረችኝ» አለ ጋሼ።

ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር። የ7ኛ ክፍሏ ልጅ፣ «አሁን አለ?» አለች በቀስታ። «አለ እንጂ! የስድስት ልጆች አባት ነው። በየበዓሉ ይደውልልኛል» ሲል ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ጎረቤት ክፍል ያሉ መምህራን ምን ሆናችሁ ብለው መጡ። ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግን እንዲቀንሱ አላልኳቸውም።

ስሙንም ጠየቁት። ነገራቸው። እዚህ አልጽፈውም፤ ፈቃዱን አልጠየቅንምና። ልጆቹ ግን ጋሼ ከወጣ በኋላ ወደ ሰሌዳው ጥግ ሄደው «ጋሻ ጃግሬ» የሚለውን አጠፉ። በምትኩ «ምርኩዝ» ብለው ጻፉ።

የዓመቱ ሥራችን ከዚህ ተወለደ። 12 ገጽ ነው፤ ርዕሱም ምርኩዝ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ምርኩዝ የተባለ አንድ የእርዳታ ጣቢያው ልጅ በሌሊት ዳፍንት የያዘውን ጓደኛውን እየመራ ሰልፍ ሲሄድ ከመጋዘን ድምፅ ይሰማል። በሩን በድንጋይ ይሰብራል። ውስጡ በጭስ ጨልሟል። የወደቀው የባዕድ ልጅ ምንም አይታየውም። ምርኩዝ የዱላውን ጫፍ ይሰጠዋል። ከዚያ ሦስት ገጽ ሙሉ ንግግር የለም፤ ዱላና ሁለት እጅ ብቻ። ይህን ያለ ቃል የመተው ሐሳብ የ7ኛ ክፍሏ ነው። እኔ ንግግር ይጨመርበት ብዬ ተከራክሬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

የሌላውን ሰው ገጸ ባሕርይ እንዳንወስድ የወደቀውን ልጅ ካባም ጭምብልም አላለበስነውም። ስምም አልሰጠነውም። ይህንንም በድምፅ ነው የወሰንነው።

የቀረውን ቶሎ ልበል። በዓመቱ 24 ጊዜ ተሰብስበናል። አምስት ስብሰባ ክፍሉ ለሌላ ጉዳይ ስለተፈለገ ቀርቷል። የካቲት ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደን ግማሽ ቀን አነበብን። በ2018 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በአማርኛም የወጣውን ጀምበር የተባለውን የአገራችንን ጀግና ኮሚክ ያወቁት በርካታ ልጆች ናቸው፤ በተራ ተዋውሰውታል። የድምፅ ቃላት ውድድር አድርገን «ዷ» እና «ጧ» እኩል ወጥተዋል። ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር በሰልፍ ላይ ሁለት ጊዜ ተርከናል። ድምፅ ማጉያውን ስላዋሱን እናመሰግናለን።

ያልተሳካውም አለ። ምርኩዝ ለወላጆች ቀን አልደረሰም። ገጾቹን ያባዛልን ቤት አጥቁሮ ነው ያወጣቸው፤ የጭሱ ገጾች ጭራሽ አይታዩም። ገንዘባችንም አልተመለሰም። ለግንቦት ያሰብነው ዐውደ ርእይም በዚሁ ምክንያት ቀረ።

ስለ አቅርቦት አንድ ነገር ካልተናገርኩ ልጆቹን እበድላለሁ። ይህ ሁሉ የተሠራው በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ከሥዕሎቹ በስተኋላ የሒሳብ ጥያቄ ይታያል። የእግር ኳስ ቡድናችን ዘንድሮ አዲስ ማሊያ አግኝቷል፤ ከልብ ደስ ብሎናል፤ ሄደን ጮኸንለታል። ለእኛ የሚያስፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው። አሥር ደስጣ ነጭ ወረቀት። ጥቁር የመሳያ እስክሪብቶ ለ26 ልጅ። አንድ ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን፤ ሥራዎቻችን እስካሁን በእኔ ቤት አልጋ ሥር ናቸው። ምርኩዝን በ300 ቅጂ በደህና ማተሚያ ቤት የሚያሳትም አቅም። የወላጅ መምህር ኅብረት ይህን እንዲመለከትልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ማተሚያ ቤት የሚሠራ ወላጅ ካለ ደግሞ ረቡዕ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለችው ክፍል ይምጣ። ልጆቹ ራሳቸው ያስረዱታል።

በእጅ የተሠራችውን ዋናዋን ቅጂ ተማሪዎቹ ለጋሼ ሰጥተውታል። የመጨረሻው ገጽ ላይ የ26ቱም ስም አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእሱና የጓደኛው። በር ላይ ባለችው የጥበቃ ክፍል በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጧታል። ማየት የሚፈልግ ጠይቆት ማየት ይችላል። ለጊዜው ሌላ ቅጂ የለንም።